ተጨማሪ መረጃ፦ የመጀመሪያዋን ድንጋይ ማን ወረወረ?
ስለ አሜሪካ የሲቪል መብቶች ትግል ስታነቡ ማርሻ ፒ. ጆንሰን የሚል ስም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ማርሻ እ.ኤ.አ. በ1945 በኒው ጀርሲ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ዛሬ ትራንስጀንደር ከሚባሉት፣ ማለትም ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ የተለየ ማንነት ካላቸው ሰዎች አንዷ። «ፒ» ምንድን ነው ሲሏት «ግድ አይስጣችሁ» ማለት ነው ትል ነበር።

በ1969 የኒው ዮርክ ፖሊስ ስቶንዎል የተባለውን መጠጥ ቤት ሲወርር ሁከት ተነሣ። የመጀመሪያዋን ድንጋይ የወረወረችው ማርሻ ናት ብለው የሚተርኩ ብዙ ናቸው። እሷ ግን በቃለ ምልልስ፣ የደረስኩት ሁከቱ ከተጀመረ በኋላ ነው ብላለች! ድርጊቱን ከኖሩት ሰዎች አንደበት የሚሰበሰብ እንዲህ ያለ ማስረጃ የቃል ታሪክ ይባላል።

ደግሞስ ከድንጋዩ ይልቅ ሊወራለት የሚገባው በ1970 ከሲልቪያ ሪቬራ ጋር ያቋቋመችው ስታር የተባለ ማኅበር ነው፤ ጎዳና ለወደቁ ወጣቶች መጠለያ ከፍቷል። ማርሻ በ1992 ሞታ ሀድሰን ወንዝ ውስጥ ተገኘች። ፖሊስ ራሷን አጥፍታለች ቢልም በ2012 መዝገቡ እንደገና ተከፍቷል። ብሩክሊን ውስጥ አንድ መናፈሻ በስሟ ይጠራል።

እናንተም በሰፈራችሁ የሚነገር አንድ ታሪክ ምረጡ፤ በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁና የተለያዩበትን ነጥብ በደብተራችሁ ጻፉ።