ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሲታመሙ ወደ ልዩ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ መንገድ፣ ውጫሌን አልፎ መርሳ ሳይደረስ በምትገኘው በውርጌሳና በአካባቢዋ የሚኖር ቤተ ሰብ፣ የልጅን ጆሮ መምገልና የጉሮሮ መቍሰል ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ይቈጥረዋል። ልዩ ሐኪም የሚገኘው ይበልጡን በትላልቅ ሆስፒታሎች ስለ ሆነ፣ «ነገ ይሻለዋል» እየተባለ ቀኑ ይገፋል። በእርግጥ አብዛኛው ጉንፋን በራሱ ጊዜ ይድናል። ነገር ግን የሚታገሡትን ሕመም ጊዜ ከማይሰጠው ለይቶ ማወቅ የአባትና የእናት ፈንታ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጆሮ እንናገር። ከጆሮ የሚወጣው መግል ከ2 ሳምንት በላይ ከቈየ ሕመሙ ሥር መስደዱን፣ ታምቡሩም ሳይቀደድ እንዳልቀረ ያመለክታልና ልዩ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በዚህ ጊዜ የሞቀ ዘይት፣ ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ ጆሮ ውስጥ መጨመር ጕዳቱን ያብሰዋል። ከጆሮው በስተኋላ ያለው አጥንት ቢያብጥ፣ ፊት ቢጣመም፣ ብርቱ ራስ ምታትና ማስመለስ ከትኵሳት ጋር ቢመጣ፣ መግሉ ወደ አንጎል እየዘለቀ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። አንድ ጆሮ በድንገት ቢደነቍርም ሕክምናው የሚጠቅመው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲጀመር ነውና ሳምንታት መጠበቅ አይገባም።

እኛ መምህራን በክፍል ውስጥ ደጋግመን የምናየው ሌላ ነገር አለ። ሲጠሩት የማይመልስ፣ የታዘዘውን አዛብቶ የሚሠራ ልጅ ሰነፍ ወይም እልከኛ ተብሎ ይገሠጻል፤ ይገረፋልም። ልጁን ከመቅጣት በፊት ጆሮውን ማስመርመር ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጕድለት ከመቶው 60 ያህሉ ሊከላከሉት የሚቻል ነው። ሕፃንም በታላቅ ድምፅ የማይደነግጥ ከሆነ፣ ወይም 2 ዓመት እስኪሞላው አፉን ካልፈታ ፈጥኖ ይመርመር።

ወደ አፍንጫ እንለፍ። ነስር ሲመጣ ሰውየውን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ራሱንም ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ነው። በዚህ ካልቆመ ወይም እየተመላለሰ ካስቸገረ ለሐኪም ይታይ። ከምንጭ ወይም ከኵሬ ጐንበስ ብሎ የጠጣ ልጅ ደጋግሞ ቢነስረው፣ ወይም ደም ቢተፋ አልቅት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ይህም ደሙን መጥጦ የሚያመነምን ስለ ሆነ በጕልበት ከመጐተት ይልቅ ባለሙያ ያውጣው። ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ቢወጣ ደግሞ ልጁ ሽምብራ ወይም ሌላ ነገር ሸጕጦ እንደ ሆነ መጠርጠር ነው። ያች እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋን ስለምታቃጥል፣ በአፍንጫም ሆነ በጆሮ ብትገባ፣ ብትዋጥም አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር አይገባም።

ስለ ጉሮሮ ሲሆን፣ እንጥል ማስቈረጥና ቶንሲል በጣት ማስቧጠጥ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። በማይጸዳ ምላጭ ብዙ ሕፃናት ደማቸው ፈሷል፤ ተመርዘዋልም። ብርቱ ትኵሳት ያለበት የቶንሲል ሕመም በወቅቱ ካልታከመ ኋላ መጋጠሚያን አሳብጦ የልብን በሮች የሚያበላሽ ሕመም ያስከትላልና፣ የታዘዘው መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይወሰድ። ድምፃቸው ከ3 ሳምንት በላይ የጐረነነ አዋቂዎች፣ መምህራንና መዘምራንም ቢሆኑ፣ «ከጩኸት ብዛት ነው» ብለው ሊያልፉት አይገባም። በአንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት፣ መዋጥ አለመቻል፣ ሲተነፍሱ መንጠርጠርም እንዲሁ ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

መንገዱ የሚጀምረው ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ የሚሰጠውን የመላኪያ ወረቀት ይዞ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና የተወሰደውን መድኃኒት ጽፎ መሄድ ለሐኪሙ ታላቅ ርዳታ ይሆናል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ሕክምናውን አያቋርጥ፤ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናልና። እንግዲህ የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን በየተራ ከበስተኋላቸው ሆናችሁ በዝግታ ጥሯቸው፤ ያልዞረ ካለ ነገን ሳታሳልፉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።