እግሬ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ የትኛውን ጫማ ልግዛ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ከስኳርና ከደም ግፊት ወጥቶ ጫማ ሆኗል። ፎቶ ይላካል፤ ከኋላ የተነሳ ተረከዝ፣ ወይ ያለቀ ሶል። ከስሩ «ዶክተር፣ ኦቨርፕሮኔሽን አለብሽ፣ ስታቢሊቲ ጫማ ካልገዛሽ ጉልበትሽ ያልቃል ብለውኛል፣ እውነት ነው?» የሚል ጽሑፍ አለ። ሳቢያን ላይ ፀሐይ ሳትበረታ ማለዳ የሚሮጠው ሰው በዝቷል፣ ደስ ይላል። ከሯጩ ጋር ግን መካሪውም አብሮ በዝቷል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። ስንሮጥ አብዛኞቻችን መሬት የምንነካው በተረከዛችን የውጭ ጠርዝ ነው። ከዚያ እግራችን ትንሽ ወደ ውስጥ ይንከባለልና ቅስቱ፣ ማለትም ከውስጥ እግራችን መሃል ያለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ዝቅ ይላል። ይሄ ፕሮኔሽን ነው፤ በሽታ አይደለም። በእያንዳንዱ እርምጃ መሬቱ ከክብደታችን ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ጫና ይመልስብናል፤ ያንን ከሚያበርዱልን ነገሮች አንዱ ይሄው መንከባለል ነው። «ኦቨር» የሚባለው ሲበዛ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይጋደማል፣ ቅልጥሙም አብሮት ይዞራል። ከስንት በላይ ነው «በዛ» የሚባለው ካላችሁ፣ ባለሙያዎች ሁሉ የተስማሙበት አንድ ቁጥር የለም። የጂም ጓደኛችሁ በዓይኑ አይቶ ሲፈርድባችሁ ይሄን አስታውሱት።

ስታቢሊቲ ጫማ ደግሞ ይሄን መጋደም እንዲቀንስ ተብሎ የተሠራ ነው። በድሮው አሠራር ከቅስቱ በታች፣ በውስጠኛው ጎን ያለው ስፖንጅ ከውጪው ጠጠር ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግራጫ ቀለም አለው። አዳዲሶቹ ይሄን እየተዉት ነው። ለምሳሌ አሲክስ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ካያኖ 30 ላይ ጠንካራውን ቁራጭ አንስቶ ሶሉን ሰፋ አድርጎ፣ ከቅስቱ ስር ሌላ ዓይነት ስፖንጅ አስገብቷል። ብሩክስ አድሬናሊን ተረከዙን ከግራና ከቀኝ የሚይዝ ጠርዝ አለው። ሳኮኒ ጋይድና ሆካ አራሂም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ታዲያ ይሠራል? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማስታወቂያው እንደሚለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዴንማርክ ጥናት 927 ጀማሪ ሯጮችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሁሉም የለበሱት ተራ ጫማ ነበር። እግራቸው ወደ ውስጥ የሚወድቀው ከሌሎቹ የበለጠ አልተጎዱም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኮክሬን 12 ጥናቶችን፣ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ የእግር ቅርጽ እያዩ ጫማ ማዘዝ ጉዳት ይቀንሳል የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የሉክሰምበርግ ጥናት አለ፤ 372 ሯጮች ለ6 ወር ታይተው፣ እግራቸው ወደ ውስጥ ለሚወድቅ ሰዎች መጋደሙን የሚቆጣጠር ጫማ ጉዳት ቀንሶላቸዋል። እኔ ከዚህ የምይዘው ይሄን ነው፦ ዝርግ እግር ስላላችሁ ብቻ አትግዙ። ዝርግ እግርም ህመምም ካላችሁ፣ ህመሙም ልምምድ ቀንሳችሁ ካልለቀቃችሁ፣ ያኔ መሞከሩ ምክንያት አለው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ እንዴ?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ አሸነፈ። ቢሮ ውሎ ማታ ሶፋ ላይ የሚቀመጥ እግር ከአበበ እግር ጋር አይወዳደርም፣ እንለፈው።

አንዲት የሳቢያን መምህርት ታሪኳን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ላይ 10 ኪሎ ሜትሩን ለመሮጥ እየተዘጋጀች ነው። ከሃይስኩል ወዲህ ሮጣ አታውቅም፤ በአንድ ወር ውስጥ ግን ከ2 ኪሎ ሜትር ወደ 8 ወጣች። የሁለቱም ቅልጥሞቿ የውስጥ ጎን ከታች በኩል ያማት ጀመር። የተነገራት ጫማ ዋጋ የወር ደመወዟን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም። «አቦ ዶክተር፣ አንተ በቃ ቁረጥልኝ፤ ልግዛው ወይስ ሩጫውን ልተወው?» አለችኝ። (ድሬ ላይ ለሐኪምም «አንተ» ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ።)

ሁለቱንም አላልኳትም። ኪሎ ሜትሩን በግማሽ ቀነስን። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማ ተረከዟን ከፍ ዝቅ የምታደርግበት የባት ስፖርት ጀመረች፤ 15 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። ከ3 ሳምንት በኋላ ቀኝ እግሯ ዳነ። ግራው ግን 4 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ እዚያው ቦታ ይነሳባታል። ከኋላ በስልክ ስንቀርጻት ግራ እግሯ በግልጽ ይጋደማል። ለእሷ ስታቢሊቲ ጫማ ትርጉም ያገኘው እዚህ ጋ ነው። የገዛችውም ያንን ውዱን ሳይሆን ያለፈውን ዓመት ሞዴል ነው፤ አሁን 7 ኪሎ ሜትር ደርሳለች። ከጫማው ነው ወይስ ከባቱ ስፖርት? ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም።

ራሳችሁን ማየት ከፈለጋችሁ፣ ውስጥ እግራችሁን አርጥባችሁ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ቁሙ (የድሬ ሙቀት ቶሎ ያደርቀዋል፣ ፍጠኑ)። መሃሉ ሳይጎድል ሙሉ እግር ከታተመ ቅስታችሁ ዝቅ ያለ ነው። ይሄ ግን የቆመ እግር ነው፤ የሚሮጥ እግር ሌላ ነው። የተሻለው ሰው ከኋላችሁ ሆኖ፣ ስልኩን ተረከዛችሁ ከፍታ ላይ ይዞ በስሎው ሞሽን እንዲቀርጻችሁ ነው፤ አስፋልት ላይ እንጂ የደቻቱ አሸዋ ላይ አይሁን። አሮጌ ጫማችሁን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፤ ወደ ውስጥ ካዘመመ ምልክት ነው። የተረከዙ የውጭ ጠርዝ ማለቁ ግን የብዙ ሰው ጫማ አበላል ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

ወደ ሱቅ የምትሄዱት ወደ ማታ ይሁን። ከምሳ በኋላማ የድሬ ሱቅ እንደሆነ ዝግ ነው፤ ማታ ሲከፈት እግራችሁም በሙቀቱና በውሎው አብጦ ትክክለኛ ልኩን ይዞ ይጠብቃችኋል። የምትሮጡበትን ካልሲ አድርጉ። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። የተረከዙን ጀርባ ጨመቅ አድርጉት፤ እጥፍ ካለ አይረባም። ጫማውን እንደ ታጠበ ልብስ ጠምዝዙት፤ ስታቢሊቲ የተባለ ጫማ በቀላሉ መጠምዘዝ የለበትም። ሲታጠፍም ከጣቶቹ ስር እንጂ ከመሃሉ አይሁን። ገበያው ውስጥ ስሙ ተጽፎበት ሶሉ እንደ ሰፍነግ የሆነ ሞልቷል፤ ጽሑፉን ሳይሆን እጃችሁን እመኑ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምሰጠው ነጥብ ምቾት ነው። አድርጋችሁት ሱቁ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ሩጡ፣ አትፈሩ። ቅስታችሁን የሚወጋ ከሆነ «ሲለመድ ይተዋል» ቢሏችሁ እንዳትሰሙ። ዱባይ ወይ ጅቡቲ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ፣ ማታ እግራችሁን ወረቀት ላይ አስምሩና ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ላኩለት።

ሰልባጅ ላይ ኦርጅናል ይገኛል፣ አልክድም። ግን ስፖንጁ የሌላ ሰውን እግር ቅርጽ ይዟል፤ ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ የሞተ ሊሆን ይችላል። አንድ የሩጫ ጫማ በግምት ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው 600ውን የሚጨርሰው በ40 ሳምንት ነው። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ የምታሰጡት ከሆነ ሙጫው ቀድሞ ይለቃል፤ ጥላ ስር ይድረቅ።

ጫማ የማይፈታው ነገርም አለ። ህመሙ አጥንት ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም አንድ ነጥብ ከሆነና ስታርፉም ካማችሁ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሩጫ አቁማችሁ ታዩ። የአንድ እግር ቅስት በቅርቡ ከወደቀ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል ካበጠ፣ በዚያ እግር ብቻ ቆማችሁ ተረከዛችሁን ማንሳት ካቃታችሁ፣ ችግሩ ጅማት ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ማንኛውንም ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ዳብሱት፤ አዲሱን ጫማ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብቻ አድርጉና ካልሲውን አውልቃችሁ የቀላ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ እዩ።