የሙረባዕ ብረትና የዓይናችን ፍርድ

ሪያድ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ጁምዓ ቀን ከባጥሃ ወደ ሰሜን ትንሽ ብትጓዙ ሙረባዕ ትደርሳላችሁ። ንጉሥ አብዱልአዚዝ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያሠሩት የጭቃ ጡብ ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ በውስጡም ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን ጥቁር ብረት ተቀምጧል። እውነት ምንድን ነው፣ የምናየውስ በእርግጥ ያለውን ነገር ነው ወይ እያላችሁ ስትከራከሩ ለምታመሹት ሁሉ፣ እኔ ከዚህ ብረት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ታሪኩን ልንገራችሁ።

ብረቱ የመጣው ከታላቁ የሩብ አል ኻሊ በረሃ፣ ዋባር ከሚባል ቦታ ነው። የበረሃው ቤዱዊኖች ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱት የኖሩት ወሬ ነበራቸው። ዋባር ከተማ ነበረች፤ ንጉሧ ቢበድል እሳት ከሰማይ ወርዶ አጠፋት፤ በፍርስራሿም መካከል የግመል ሻኛ የሚያህል ብረት ወድቋል ይሉ ነበር። ይህን የሰማው እንግሊዛዊው አሳሽ ሴንት ጆን ፊልቢ እ.ኤ.አ. በ1932 ከተማዪቱን ፍለጋ በግመል ወጣ። ቦታው ሲደርሱ ቤዱዊን መንገድ መሪዎቹ አሸዋው ላይ የተበተኑ ጥቁር የሚያብረቀርቁ እንክብሎች አገኙ። የንጉሡ ሚስቶች ዕንቁ ነው፣ እሳቱ አጥቁሮት ነው ብለው መልቀም ጀመሩ። ፊልቢ ደግሞ ከአፋፉ ቆሞ ወደ ታች ሲመለከት የታየው የእሳተ ገሞራ አፍ ነበር። አመድ የመሰለ ነጭ ድንጋይ አለ፣ የቀለጠ ጥቁር ነገር አለ፣ ክብ ጉድጓድ አለ። ታዲያ ሌላ ምን ይበል?

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሁለቱም ወገኖች አልዋሹም፣ ዓይናቸውም አልታመመም። ያዩት ያንኑ ጉድጓድና ያንኑ ጥቁር ጠጠር ነው። የተለያዩት አንደኛው ወገን ከአያቶቹ በሰማው ታሪክ፣ ሌላው በትምህርት ቤት በተማረው ስለተረጎመው ነው። ትርጓሜው ደግሞ ከማየት በኋላ ቀስ ብሎ የመጣ አይደለም። ከማየቱ ጋር አብሮ፣ በዚያው ቅጽበት ገባ። ቤዱዊኑ መጀመሪያ ጠጠር አይቶ ቆይቶ ዕንቁ ነው አላለም፤ ገና ዓይኑ ሲያርፍበት ዕንቁ ሆኖ ነው የታየው። ስለ ሰው ግንዛቤ ከማውቀው ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም።

ፊልቢ ጥቂት ጠጠርና ቁራጭ ብረት ይዞ ተመለሰ። ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የማዕድን ሊቅ የነበረው ሊዮናርድ ስፔንሰር መረመረው። ብረቱ ውስጥ ኒኬል አለ፤ እንክብሎቹ ደግሞ ከመጠን ባለፈ ሙቀት የቀለጠ የበረሃ አሸዋ ናቸው፣ ማለትም ብርጭቆ። ከተማም እሳተ ገሞራም አልነበረም፤ ከጠፈር የመጣ ብረት መሬቱን መትቶት ነው። ስፔንሰር ይህን ቶሎ ያየው ለምን ይመስላችኋል? በዚያው ዘመን በአውስትራሊያ ሄንበሪ የተገኙትን ተመሳሳይ ጉድጓዶች ያጠና ስለነበር ነው። የእሱም ዓይን ባዶ አልነበረም። ልዩነቱ የእሱ ግምት ሊፈተን የሚችል መሆኑ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ብረት ተቆርጦና ተወልውሎ አሲድ ሲነካው እርስ በርስ የሚቆራረጡ መስመሮች ይወጡበታል። እነዚያ መስመሮች የሚፈጠሩት ብረቱ በጠፈር ውስጥ በሚሊዮን ዓመታት እጅግ ዝግ ብሎ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። በምድር ላይ ያለ የትኛውም ምድጃ አይሠራቸውም። ከተማ ብላችሁ ብታምኑም፣ እሳተ ገሞራ ብላችሁ ብታምኑም መስመሮቹ ያው ናቸው።

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ገና ነው። ፊልቢ የግመል ሻኛ የሚያህለውን ብረት ፈልጎ አጥቶት ነበር። ወሬው ሁሉ ተረት ነው ብሎ ለመደምደም ይህ በቂ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ነፋሱ አሸዋውን ሲገልጠው ግን ብረቱ ተገኘ። ዛሬ ሙረባዕ ያለው እሱ ነው፤ ቅርጹም በእርግጥ ሻኛ ይመስላል። ቤዱዊኖቹ ስለ ከተማው ተሳስተዋል፣ ስለ ብረቱ ግን ልክ ነበሩ፤ እሳት ከሰማይ ወረደ ማለታቸውም ከፊልቢ እሳተ ገሞራ ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ነበር። አንድ ሰው የነገረን ታሪክ ስህተት ሆኖ ሳለ በውስጡ ያየው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ በአንድነት መቀበልም፣ በአንድነት መጣልም ያጎድላል።

የምናየው በእርግጥ ያለውን ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ የጥንቶቹም ያውቁታል። ከ900 ዓመት በፊት የነበረው አል ገዛሊ፣ ጥላ ዓይን ሲያየው የቆመ ይመስላል፣ በእርግጥ ግን ይንቀሳቀሳል አለ። ኮከብ ሲታይ የዲናር ያህል ነው፣ የስሌት ሰዎች ግን ከምድር እንደሚበልጥ ያስረዳሉ። የስሜት ሕዋሳትን ልቡና ዳኛቸው። ከዚያ ግን አንድ ርምጃ ጨምሮ፣ ልቡናንስ ማን ይዳኘዋል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለጊዜው እምነቱን ሁሉ እንዳናወጠው ራሱ ጽፏል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ያው ጥያቄ በሌላ መልክ አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አክሱም ውስጥ የሚያስተምረው ዘርዓ ያዕቆብ፣ ካቶሊኩ ፍራንክ የኔ ሃይማኖት ይበልጣል፣ ግብጻዊው የኔ ይበልጣል ሲሉ ይሰማል። ሁለቱም ተከራካሪዎች ከሆኑ ፈራጁ ማን ነው ይላል። ሰው መመርመር ይከብደዋል፣ ከአባቶቹ የሰማውን ቸኩሎ ያምናል የሚለውም ሐሳብ እዚያው አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የነበረው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልቆመም። ብዙዎቻችን የምንመርጠውን ወገን የመረጥነው የብራናውን ማስረጃ ሳናይ፣ በአገር ፍቅር ወይም በጥርጣሬ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። የመጽሐፉ ባለቤት ማንም ይሁን፣ መርምሩ የሚለው ቃል በመጽሐፉ ላይም ይሠራል።

ከእናንተ መካከል ታዲያ እውነት ለየሰው የየራሱ ነው ማለት ነው የሚል አለ። አይደለም! ኒኬሉ ፊልቢ ሳይወለድ ብረቱ ውስጥ ነበረ። የየራሳችን የሆነው ወደ እሱ የምንሄድበት መንገድ ነው። ያ መንገድ ሁልጊዜ በሰው ዓይን፣ በሰው ቋንቋ፣ በሰው ተስፋና ፍርሃት ውስጥ ያልፋል፤ ሌላ መንገድ አልተሰጠንም። ለዚህ ነው ከአገር ቤት በስልክ የድምፅ መልእክት ሲመጣና ቤቱ ሁሉ ሲታመስ ሁለት ጥያቄ ለይታችሁ ብትጠይቁ የምወደው። ተናጋሪው በዓይኑ ያየው የቱ ነው? ከሰማውና ከፈራው የጨመረውስ የቱ ነው? ይህ ሰውየውን ውሸታም ማለት አይደለም፤ ያየውን ነገር ከቃሉ ውስጥ ማዳን ነው።

ስለ ዋባር ደግሞ ገና የሚከራከሩበት አለ። ብረቱ መቼ ወደቀ? ብርጭቆውን በአንድ ዘዴ የለኩ ተመራማሪዎች ወደ 6,400 ዓመት ገደማ ብለው ነበር። በኋላ በሌላ ዘዴ የተለካው አሸዋ ግን 300 ዓመት አካባቢ ነው የሚል ውጤት ሰጠ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሪያድ ሰማይ ላይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚበር የእሳት ኳስ ታየ የሚል ወሬም አለ። እኔ ወደ 300ው አደላለሁ፣ አሸዋው ራሱ የሰጠው መልስ ስለሆነ። ከእናንተ የወሬውን ወገን የሚይዝ ካለ ግን ሙዚየሙ ደጃፍ ተገናኝተን እንከራከርበት።