ኮዲ ካርድ የለውም! ማን ነው የሚያስከፍላችሁ?

ዛሬ ዲሽ ላስተካክል የገባሁበት ቤት እናትየው «ልጄ፣ የኮዲው ካርድ አልቋል መሰለኝ፣ ሙላልኝ» አሉኝ። ለካ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክሱን የገዙበት ሱቅ በየዓመቱ «የኮዲ እድሳት» እያለ ይቀበላቸዋል! ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው፣ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉት።

1. ኮዲ ነፃ የቪዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻ ሶፍትዌር ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ለኤክስቦክስ የጌም ማሽን ተብሎ ተጀመረ፣ ኤክስቢኤምሲ ሲባል ኖሮ በ2014 ኮዲ ተባለ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ ከጀርባው ያለውም ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን ነው። ካርድ የለ፣ ፓኬጅ የለ፣ እድሳት የለ።

2. ኮዲ ውስጥ ፊልም የለም፣ ቻናልም የለም። ባዶ መሶብ ነው። ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ያለውን ፊልም፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ መዝሙር ደርድሮ ቲቪው ላይ ያሳያችኋል፣ በቃ። «ሁሉ ተጭኖበታል» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ሌላ ሰው የሠራው አድኦን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ነው፣ ብዙውም የተሰረቀ ስርጭት። አድኦኑ ሲሞት ሻጩ «ኮዲ ተዘጋ» ይላል። አልተዘጋም! የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ አድኦን የተጫነበት ቦክስ መሸጥ የቅጂ መብት መጣስ ነው ብሎ የወሰነው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው።

3. ቦክሱ። የኔ ንዴት እዚህ ጋ ነው።

ስም የለሹ ርካሽ አንድሮይድ ቦክስ ቤታችሁ ሳይደርስ ተበክሎ ሊመጣ ይችላል። ብክለቱ ባድቦክስ ይባላል። ኤፍቢአይ በሰኔ 2025 «ባድቦክስ 2.0» ብሎ አስጠነቀቀ፣ በቀጣዩ ወር ጎግል ክስ መሠረተ፤ ጎግል እንዳለው ከ10 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች ተበክለዋል። እናንተ ድራማ ስታዩ ቦክሱ የቤታችሁን ኢንተርኔት ለማታውቁት ሰው ያከራያል፣ ከጀርባ ማስታወቂያ ይጫናል። ሰውየው ወንጀል ቢሠራበት የሚታየው የእናንተ መስመር ነው።

«ፕሌይ ፕሮቴክትን (የጎግልን መከላከያ) አጥፉና ጫኑ» የሚል ቦክስ ካጋጠማችሁ ገመዱን ንቀሉት። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ገብታችሁ መሣሪያው ሰርቲፋይድ መሆኑን እዩ።

ተቆጣጣሪ ተብዬዎችስ? ቀረጥ ሲሆን ዕቃው አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ውስጡ የተጫነውን ሶፍትዌር ግን ማን ከፍቶ አየ? ስንጠይቅ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራናል። ቲቪ ላይ «የቴክኖሎጂ ባለሙያ» ተብሎ የሚቀርበው ደግሞ «ኮዲ ቫይረስ ነው» ይላል። ቫይረሱ ቦክሱ ውስጥ ነው ወንድሜ! ሶፍትዌርና ዕቃ ሳይለዩ ሕዝብ ማስተማር ምን የሚሉት ነው?

ሌላው፣ የአማርኛ ሰብታይትል አራት ማዕዘን ብቻ እየሆነ ለሚመጣባችሁ፦ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ሴቭ አድርጉ፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የግዕዝ ፎንት የኮዲ ሚዲያ ፎልደር ውስጥ ካለው የፎንት ፎልደር ጨምሩና ከሰብታይትል ሴቲንግ ምረጡት። «አማርኛ አይሠራም» የሚላችሁ ቴክኒሻን ሞክሮት አያውቅም።

ኮዲ ላይ የፊልሙ ፖስተር እንዲመጣ የፋይሉን ስም የፊልሙ ስምና በቅንፍ የወጣበት ዓመት አድርጉት። «አዲስ ምርጥ ፊልም የመጨረሻ 2» የሚለውን ኮዲ ከየት ያግኘው? ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ «ተበላሸ» ብላችሁ አትጥሩኝ።

ኮዲን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ጫኑ። ሱቁ «የኮዲ ክፍያ» ካላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፣ የምን ክፍያ እንደሆነም ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። የሚጽፍ ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።