ደም ማቅጠኛው ቆዳን ሲያቆስል

ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት በተለምዶ «ደም ማቅጠኛ» እንለዋለን። ይሁን እንጂ ደምን ውኃ እንደተጨመረበት ወተት አያቀጥነውም፤ የሚያደርገው የመርጋት ችሎታውን መቀነስ ነው። ታዲያ ይኸው መድኃኒት አልፎ አልፎ በጥቃቅን የቆዳ የደም ሥሮች ውስጥ ደምን አርግቶ ቆዳን የሚገድለው እንዴት ነው? እኛን የፊዚክስ መምህራንን ወደዚህ ጥያቄ የሳበን፣ መልሱ በክፍል ውስጥ ዘወትር ከምናስተምረው የግማሽ ዕድሜ ሕግ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክ ከከብቶች በረት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ የችግሩን ምንጭ ለይተው አወጡ። ከዚሁ ምርምር የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መርዝነት፣ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ዋለ።

ጉበታችን በቫይታሚን ኬ እየታገዘ ሁለት ተጻራሪ የፕሮቲን ቡድኖችን ያመርታል። አንዱ ደምን ያረጋል፤ ፕሮቲን ሲ የሚገኝበት ሌላው ቡድን መርጋቱን ይገታል። ዋርፋሪን የሁለቱንም ምርት በአንድነት ያውካል። ሆኖም ቀድሞ በደም ውስጥ የነበረው ክምችት እኩል አያልቅም። የፕሮቲን ሲ ግማሽ ዕድሜ 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ደም አርጊው ፕሮትሮምቢን ግን 60 ሰዓት ያህል አለው። ለስሌት እንዲመቸን ምርቱ ፈጽሞ ቆመ እንበል። ከ24 ሰዓት በኋላ ፕሮቲን ሲ ሦስት ጊዜ ተገምሶ 12.5 በመቶው ብቻ ሲቀር፣ ከፕሮትሮምቢን 76 በመቶ ያህሉ በሥራ ላይ ነው። መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ፍሬን በጠሰ እንደማለት ነው።

ጉዳቱ ብርቅ ነው፤ በግምት መድኃኒቱን ከሚጀምሩ ከ1,000 እስከ 10,000 ሰዎች መካከል አንዱን ቢያጠቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን፣ ስብ በሚበዛባቸው እንደ ጡት፣ ጭን፣ መቀመጫና ሆድ ባሉ ቦታዎች ሕመምና መቅላት ይታያል፤ ከዚያም ቦታው ይጠቁርና ቆዳው ይሞታል። በተፈጥሮ ፕሮቲን ሲ የሚያንሳቸውና መድኃኒቱን በከፍተኛ መጠን የጀመሩ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ስለዚህም ሐኪሞች እግሩ ወይም ሳንባው ውስጥ ደም ለረጋበት ሕመምተኛ ክኒኑን ሲያስጀምሩ፣ ፈጥኖ የሚሠራውን የሄፓሪን መርፌ ቢያንስ ለ5 ቀናት አብረው ይሰጣሉ። «ክኒኑን ጀምሬአለሁ፤ መርፌው ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ዘመድ ቢያጋጥማችሁ፣ ከላይ ያለውን ስሌት አስረዱት። በሀገራችንም የልብ ቧንቧ በር የተቀየረላቸው ወገኖቻችን በዚሁ መድኃኒት ይኖራሉና በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ የባሰ አደጋ አለው። ቆዳ ድንገት ሲያምና ሲጠቁር ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል። በዚህ ጉዳይ ሰዓታት ዋጋ እንዳላቸው ያ የግማሽ ዕድሜ ስሌት ነግሮናል።