የላባ ዝንብና የወንዝ ዳር ወዳጆች

መንጠቆ ከመረብ ያላነሰ ጥንታዊ መሣሪያ መሆኑን ለመረዳት ወንጌልን የሚያነብ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጴጥሮስ የግብሩን ገንዘብ ከዓሣው አፍ ያወጣው በመረብ ሳይሆን በመንጠቆ ነበርና። ዛሬ ከአንባቢ ጋር ላስተዋውቀው የምወደው ጥበብ ግን በመንጠቆው ጫፍ ትል ወይም ሥጋ ወይም ሊጥ ሳይሰካ፥ በላባና በሐር ክር ብቻ የዝንብን አምሳል ሠርቶ፥ ያንንም ክብደት የሌለውን ምስል በወራጅ ውሃ ላይ እንደ ሕያው ፍጡር አሳርፎ፥ ትራውት የሚባለውን እጅግ ጠርጣራ ዓሣ ወዶና ፈቅዶ አፉን እንዲከፍት የሚያደርገው ጥበብ ነው። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ካላገኘ የማይኖር፥ ፊቱን ወደ ወንዙ ምንጭ አዙሮ በአንድ ስፍራ በመቆም ውሃው የሚያመጣለትን ምግብ የሚጠባበቅ ዓሣ ነው፤ ይህን ልማዱን ያላጠና ሰው ምንም ያህል ውድ ዘንግ ቢይዝ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የዚህ ጥበብ ዜና ተጽፎ የተገኘው ከ1800 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በሮም ይኖር የነበረው ኤልያኖስ ስለ እንስሳት ጠባይ በግሪክ ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ወንጌልን በሰበከባቸው በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል በሚወርድ ወንዝ፥ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጕር ጠምጥመው፥ በላዩም ሁለት የዶሮ ላባ አስረው ዓሣ ያጠምዱ እንደ ነበር ይተርካል። እውነተኛውን ዝንብ ለምን በመንጠቆው ላይ እንደማይሰኩት ሲገልጽም፥ የሰው እጅ የነካው እንደ ሆነ ቀለሙ ይጠፋል፥ ክንፉም ይረግፋል ይላል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመናት ነገሩ ከመጽሐፍ ይልቅ በአብዛኛው በአባትና በልጅ አፍ ሲተላለፍ ቆይቶ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1496 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ ዩልያና በርነርስ የተባለች እመ ምኔት ደረሰችው እየተባለ በልማድ የሚነገርለት የማጥመጃ መጽሐፍ ታተመ፤ በእርሱም ውስጥ 12 ዓይነት የላባ ዝንቦች ከነአሠራራቸውና ከነወራታቸው ተዘርዝረዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።)

አጥማጁ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ዘንጉን ሳይሆን ዝንቧን ነው። ትራውት ከሚመገባቸው በራሪ ነፍሳት መካከል በጣም የተወደደችው፥ እንግሊዞች በግንቦት ወር ስም የሚጠሯት፥ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በወንዙ ወለል ደለል ውስጥ ተሠውራ ትኖርና ወራቷ ሲደርስ ወደ ውሃው ፊት ወጥታ፥ ቆዳዋን ገፍፋ፥ ክንፏን ዘርግታ ትበራለች። ክንፍ ካወጣች በኋላም ሁለተኛ ቆዳዋን ትገፍፋለች፤ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት ነፍሳት ይህን የሚያደርገው የእርሷ ወገን ብቻ ነው። በዚህ በመጨረሻው ዕድሜዋ የምትበላበት አፍ የላትም፤ በአየር ላይ ተራክባ፥ እንቍላሏን በውሃው ላይ ዘርታ፥ በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ክንፏን እንደ ዘረጋች በወንዙ ላይ ወድቃ ትሞታለች። እንግዲህ ትራውት ይህችን አንዲት ፍጡር በአራት መልክ ይመገባታል፤ ከውሃው በታች ስትዋኝ፥ ወደ ላይ ስትወጣ፥ በውሃው ፊት ቆማ ክንፏን ስታደርቅ፥ ሞታም ስትንሳፈፍ። በአንዱ ሰዓት አንዱን መልክ ብቻ መርጦ ሌላውን ሁሉ ይንቃልና፥ አጥማጁ በወንዙ ዳር ተንበርክኮ ድንጋይ እየገለበጠና ውሃውን እየተመለከተ ዓሣው የትኛውን እየበላ መሆኑን መመርመር አለበት።

ምሥሉን የመሥራቱ ሥራ በክረምት ሌሊት በመብራት አጠገብ የሚሠራ የጥሞና ሥራ ነው። መንጠቆው በትንሽ ጉጠት ይያዛል፤ በላዩም የሐር ክር ይጠመጠማል፤ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ዙሪያውን ሲታሰር ጭራሮቹ እንደ እግር ተበትነው ዝንቡን በውሃው ፊት ላይ ያቆሙታል። ፍራንክ ሶየር የተባለው በእንግሊዝ አገር የኤቨን ወንዝ ጠባቂ ደግሞ ክሩን ትቶ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ከፌዛንት ወፍ የጅራት ላባ ጋር በመጠምጠም፥ ፈጥኖ የሚሰጥምና ከውሃው በታች የምትዋኘውን ክንፍ ያላወጣች ዝንብ የሚመስል ምሥል ሠራ፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ካስተዋወቀው ጀምሮ ትራውት ባለበት አገር ሁሉ ይህን የማይዝ አጥማጅ ማግኘት ያስቸግራል። እግርም ክንፍም የሌለው ነገር ነው፤ ሶየር ግን ዓሣው የሚያየው ዝርዝሩን ሳይሆን ቅርጹንና አካሄዱን መሆኑን በወንዙ ዳር በኖረበት ዘመን ሁሉ በዓይኑ ተመልክቶ ነበርና፥ ጥቂቱ ከብዙው በለጠ።

አሁን ወደ አወራወሩ ልምጣ፤ የጥበቡ ክብር ያለው በዚህ ነውና። ሌላው አጥማጅ መንጠቆውን የሚወረውረው በእርሳስ ክብደት ነው፤ ክብደቱ ይቀድማል፥ ክሩም ይከተለዋል። በዚህኛው ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ ክብደቱ በራሱ በፈትሉ ውስጥ ተከፋፍሎ ይገኛል፤ ፈትሉ ወፍራም ነው፥ ከጫፉም ላይ ዓሣው የማያየው ቀጭን ክር ይቀጠላል፥ ዝንቡም ምንም ሳይመዝን በመጨረሻ ይከተላል። አጥማጁ ዘጠኝ ጫማ ያህል የሚረዝመውን ዘንግ ከዝግታ ወደ ፍጥነት እየጨመረ ወደ ኋላው ያነሣና፥ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ከቆመበት ጥቂት ሲያልፍ እጁን በድንገት ያቆማል፤ ያን ጊዜ ፈትሉ ከኋላው በአየር ላይ ይዘረጋል። የትምህርቱ ሁሉ ማሰሪያ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዕረፍት ነው፤ ፈትሉ እስኪዘረጋ ድረስ መታገሥ፥ ሲዘረጋም ሳይዘገዩ ወደ ፊት መምታት። ያልታገሠ እንደ ሆነ ፈትሉ እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጮኽና ዝንቡ ከክሩ ተቈርጦ ይቀራል፤ የዘገየ እንደ ሆነም ፈትሉ ወደ ምድር ይወርድና ከኋላው ባለው ቍጥቋጦ ላይ ይያዛል። ጀማሪ ሁሉ በክንዱ ኃይል ሊወረውር ይታገላል፤ ኃይሉ ግን በዘንጉ መለመጥና ተመልሶ መቃናት ውስጥ ስላለ፥ ብርቱ ጐልማሳ ያልቻለውን ሽማግሌ በእርጋታ ሲያደርገው ማየት የተለመደ ነው።

ዝንቡ ከወረደ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። የወንዝ ውሃ በስፋቱ ሁሉ በአንድ ፍጥነት አይሄድምና፥ ፈትሉ ፈጣን በሆነው መካከለኛ ውሃ ላይ፥ ዝንቡም በዝግተኛው ዳር ላይ ሲያርፉ፥ ፈትሉ ቀድሞ ይሄድና ዝንቡን ይጎትተዋል፤ የተፈጥሮ ዝንብ ደግሞ ወንዝን እየሰነጠቀ ወደ ጎን አይሮጥም፥ ትራውትም ይህን ያውቃል። ስለዚህ አጥማጁ ከዓሣው በታች ሆኖ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ፈትሉንም በዘንጉ ጫፍ እያነሣ ወደ ምንጩ አቅጣጫ መልሶ ያስተኛዋል፤ ዝንቡ ልክ እንደ ቅጠል፥ በማንም ሳይሳብ፥ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል መንሳፈፍ አለበት። ዓሣው አፉን ከፍቶ ዝንቡን ሲውጥ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ ደንግጦ ወዲያው መሳብ ዝንቡን ከአፉ መንጠቅ ነው። የእንግሊዝ አሮጌ አጥማጆች ለወጣቶቹ፥ ከመሳብህ በፊት «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» በል እያሉ ያስተምሯቸው ነበር፤ ጸሎቱ ሲፈጸም ዓሣው አፉን ገጥሞ ወደ ታች ተመልሶ ይሆናልና።

በዚህ ጥበብ ውስጥ ከባድ የሊቃውንት ክርክር ተነሥቶ ያውቃል። ፍሬደሪክ ሃልፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1886 ዓ.ም. ስለ ተንሳፋፊ ዝንብ ባሳተመው መጽሐፍና ከዚያም በኋላ በጻፋቸው፥ በደቡብ እንግሊዝ ጥሩ ወንዞች ላይ በውሃው ፊት ከሚንሳፈፍ ደረቅ ዝንብ በቀር ሌላ መጣል እንደማይገባ ሥርዓት አቆመ፤ ተከታዮቹም ይህን እንደ ቀኖና ጠበቁት። ጆርጅ ስክዩስ የተባለ የሕግ ሰው ግን፥ ትራውት ከሚበላው የሚበዛውን የሚበላው ከውሃው በታች መሆኑን አስተውሎ፥ በ1910 ዓ.ም. በመጽሐፍ ገልጾ ተቃወመ። ነገሩ ሳይበርድ ቆይቶ በ1938 ዓ.ም. በለንደን በዝንብ አጥማጆች ማኅበር ጉባኤ ፊት ቀረበ፤ ስክዩስም ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ቆሞ ስለ ሐሳቡ ተከራከረ። እኔ ፍርዴን ብሰጥ ከስክዩስ ጋር ነኝ፤ ዓሣው ራሱ የሚበላውን እያሳየ ሰው በሥርዓት ስም ዓይኑን መጨፈን አይገባውምና። ሆኖም ሃልፎርድ የተንሳፋፊውን ዝንብ አሠራር በትጋት ባይመረምር ኖሮ ተከራካሪዎቹ የሚከራከሩበት ዕውቀት ባልተገኘም ነበር።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን ከመጽሐፍ ወደ እጅ የሚገባው በወዳጅ ቀልድ በኩል ነው፤ በዚህ ጥበብ ላይ እስከ ዛሬ ከተጻፈው ይልቅ በወንዝ ዳር የተባለው ይበዛል ብዬ አምናለሁ። ዝንቡ ከኋላው ዛፍ ላይ ለተያዘበት ሰው ባልንጀራው «ዛሬ ወፍ ነው እንዴ የምታጠምደው?» ይለዋል፤ እርሱም ሥቆ በሚቀጥለው ውርወራ ኋላውን ይመለከታል። ፈትሉን በውሃው ላይ በጩኸት ለጣለው «ወንድሜ፥ የወንዙን ዓሣ ሁሉ ቀሰቀስከው፥ አሁን ደግሞ ቍርስ አቅርብላቸው» ይለዋል፤ ተወቃሹም እጁን ያለሰልሳል። ያመለጠውን ዓሣ ርዝመት በሁለት እጁ ሊያሳይ ለተነሣው «እጅህን ወደ ኋላ አድርግና በአፍህ ብቻ ንገረን» ይባላል። እንዲህ ያለው ንግግር ፌዝ ቢመስልም ተግሣጽ ነው፤ ከማያውቁት መምህር ቢመጣ የሚያሳፍረው እርማት ከወዳጅ አፍ ሲወጣ ልብን ሳያቈስል ይገባል። ቀልዱም ያልተጻፈ ሕግ አለው። ባልንጀራው ወደሚበላ ዓሣ ሊወረውር በተንበረከከ ጊዜ ማንም አይናገርም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንግ በያዘ ሰው ላይ አይቀለድም፤ ሲሳለቅ የዋለው ሰውም ዓሣው የያዘለትን ዝንብ ከሳጥኑ አውጥቶ ለወዳጁ መስጠት ግዴታው ነው። አንዳንዶች እንዲያውም ለሁለት አንድ ዘንግ ብቻ ይዘው ይሄዱና፥ አንዱ ዓሣ እስኪይዝ ወይም እስኪስት ሲያጠምድ ሌላው ከላይ ሆኖ የዓሣውን ሁኔታ ይነግረዋል፤ ከዚያም ዘንጉን ይለዋወጣሉ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

የዚህ ወዳጅነት ምስክር በድንጋይ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል። አይዛክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1653 ዓ.ም. ያሳተመው ስለ ማጥመድ የሚናገረው ታዋቂ መጽሐፍ በመንገደኞች መካከል በሚደረግ ንግግር አምሳል የተደረሰ ሲሆን፥ እርሱ ራሱ በትል ማጥመድን እንጂ የዝንቡን ነገር ጠልቆ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ጉድለት የሞላለት በዕድሜ ከ30 ዓመት በላይ የሚያንሰውና እንደ አባት ያከብረው የነበረው ባለቅኔው ቻርልስ ኮተን ነው፤ በ1676 ዓ.ም. ለታተመው ለአምስተኛው እትም ስለ ዝንብ ማጥመድ ሁለተኛ ክፍል ጻፈለት። ኮተን ከዚያ በፊት በ1674 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በደቭ ወንዝ ዳር አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤት ሠርቶ፥ በበሩ ላይ ለዓሣ አጥማጆች የተቀደሰች መሆኗን በላቲን አስቀርጾ፥ የእርሱንና የዋልተንን የስም ፊደላት አንዱን በአንዱ ውስጥ አጠላልፎ አስጽፏል። ሽማግሌው ከታናሹ ለመማር አላፈረም፤ ታናሹም ዕውቀቱን በአባቱ መጽሐፍ ውስጥ አስገባ እንጂ ለብቻው ስም አልፈለገበትም።

ይህ ጥበብ ከአገራችን ጋር የተገናኘው በረጅም ጉዞ ነው። በ1905 ዓ.ም. በስኮትላንድ ከሚገኘው ከሎክ ሌቨን ሐይቅ የመጡ የትራውት እንቍላሎች በኬንያ ደጋ ወንዞች ተፈለፈሉ፤ በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ ትራውት ከኬንያ ወደ ባሌ ተራሮች መጥቶ በዌብ፥ በዳንካና በሻያ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፤ ቅዝቃዜው ተስማምቶትም ተዋለደ። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ አጥማጆች፥ ሊ ዉልፍ የተባለው አሜሪካዊ በ1939 ዓ.ም. በመጽሐፉ እንዳስተማረው፥ የያዙትን ትራውት እጃቸውን በውሃ አርሰው በሕይወት ይለቁታል፤ ይህም በተወለደበት ወንዝ ዘሩ እንዳይጠፋ የሚደረግ መልካም ልማድ ነው። በባሌ ግን ትራውት እንግዳ ፍጡር፥ የሚበላውም የአገሬውን ፍጥረት ነውና፥ በፈቃድ አጥምዶ ለራት ማቅረብ አይነቀፍም። ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ፈቃዱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የሚያርመው ባልንጀራም ይዞ ይሂድ፤ አንዱን ትራውት እንኳ በሕይወት ወስዶ ትራውት ወደሌለበት ሌላ ወንዝ ግን ከቶ አይጨምር።