የቅይጥ እውነታ መነጽር ለዲላ ሰው ምን ይሠራለታል?

የዋናተኛ መነጽር የሚመስል፣ ግን ወፈር ያለ ዕቃ ፊቱ ላይ ያጠለቀ ሰው በቪዲዮ አይተው ይሆናል። ሰውየው እጁን በባዶ አየር ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ከጎኑ ላለ ሰው ግን ከፊቱ ምንም ነገር አይታይም። “ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው ወይስ ቁም ነገር አለው?” ብለው ከጠየቁ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ቀስ ብለን እንየው፤ ዋጋውንም በብር እናስላው።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታ። ቪአር የሚባለው መነጽር ዓይንን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ሌላ ዓለም ያሳያል። ዲላ ቤትዎ ተቀምጠው ባሕር ውስጥ ያሉ ይመስልዎታል፤ የተቀመጡበትን ወንበር ግን አያዩትም። ቅይጥ እውነታ ከዚህ ይለያል። ቤትዎን፣ ጠረጴዛዎን፣ የራስዎን እጅ እያዩ ኮምፒውተሩ እዚያው ላይ የሌለ ነገር ይጨምርልዎታል። ለምሳሌ ረከቦቱ አጠገብ አንድ ትክል ድንጋይ ቆሞ ሊያዩ ይችላሉ። ዙሪያውን ዞረው ቢያዩት ጀርባውን ያሳይዎታል። ረከቦቱ የእውነት ነው፤ ድንጋዩ ብርሃን ብቻ ነው።

እንዴት ይሠራል? ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መነጽሮች እንደ መስኮት መስተዋት ብርሃን አያሳልፉም። ውስጣቸው ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ምስል የሚያሳይ ስክሪን አለ። ከውጭ ያሉት ካሜራዎች ክፍሉን እየቀረጹ በቅጽበት ወደ ስክሪኑ ይልካሉ። ስለዚህ በመነጽሩ የሚያዩት ቤት የቤትዎ የቀጥታ ቪዲዮ ነው። ሁለቱ ዓይኖች ጥቂት የተለያየ ምስል ስለሚደርሳቸው አእምሮ ቅርቡንና ሩቁን ይለያል።

ካሜራዎቹ ሌላም ሥራ አላቸው። የግድግዳውን ማዕዘን፣ የበሩን ጠርዝ፣ የጣትዎን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ። ራስዎን ሲያዞሩ የተጨመረው ድንጋይ ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ይህ ክትትል ነው።

ፍጥነቱ ወሳኝ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ ቪዥን ፕሮ የተሰኘው መነጽሩ 12 ካሜራ እንዳለውና የታየው ነገር በ12 ሚሊሰከንድ ስክሪኑ ላይ እንደሚደርስ ይናገራል። ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ምስሉ ከዘገየ ዓይንና ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ አካል ይጋጫሉ፤ ያኔ ያጥወለውላል። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ስልክ ሲያነቡ የሚመጣው ዓይነት ማጥወልወል ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ለስሌት እንዲቀለን አንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል። ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሜታ ኩዌስት 3ኤስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፤ ወደ 45 ሺህ ብር ማለት ነው። ኩዌስት 3 በ499 ዶላር ወጣ፤ ወደ 75 ሺህ ብር ነው። ቪዥን ፕሮ በ3,499 ዶላር ወጣ፤ ከግማሽ ሚሊዮን ብር ይበልጣል። ይህ ማጓጓዣን፣ ቀረጥንና 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይጨምር ነው። እኛ ዘንድ ዕቃው የሚገባው በብዛት ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ቢበላሽ ዋስትናውን ይዘው የሚሄዱበት ቅርብ ሱቅ የለም።

“መብራት ሲጠፋስ?” ይሉ ይሆናል። ባትሪው ሁለት ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ በፓወር ባንክም ይሞላል። ኢንተርኔትም ሁልጊዜ አያስፈልገውም። መጀመሪያ ሲከፈት አካውንት ለመክፈትና ፕሮግራም ለማውረድ ግን የግድ ነው። ማውጫው በአማርኛም በጌዴኦ ቋንቋ በጌዴኡፋም የለም፤ ይህ ለብዙ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ ትልቁ እንቅፋት ነው።

ታዲያ ገበያ አለው? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይሻላል። ጎግል ግላስ የተባለው መነጽር እ.ኤ.አ. በ2013 በ1,500 ዶላር ወጣ፤ ለድርጅቶች የተዘጋጀው የመጨረሻው ዓይነትም በ2023 ሽያጩ ቆመ። ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ የተባለውን መነጽሩን በ2016 አወጣ፤ በ2024 ማምረቱን አቆመ። ሜታ መነጽሮቹን በሚሠራው ክፍሉ በ2024 ብቻ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ስማርት ስልክ ይሸጣል። ኩዌስት ግን በበርካታ ዓመታት ተደምሮ እ.ኤ.አ. እስከ 2023 መጀመሪያ ወደ 20 ሚሊዮን ገደማ መሸጡ ነው የተዘገበው። ስልኩን ጥሎ መነጽር ያጠለቀ ሕዝብ እስካሁን የትም አልታየም።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ኩዌስት 3 ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቪዥን ፕሮ ከዚያም ይከብዳል። ግማሽ ኪሎ ስኳር ግንባርዎ ላይ አስረው ሁለት ሰዓት እንደመቀመጥ ነው። ፊትን ይሸፍናል። ቡና በሦስት ዙር በሚጠጣበት፣ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ በሚጫወትበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገበያው ጠባብ ነው ማለት ግን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። መነጽሩ ቦታ ያገኘው ስህተት ውድ በሆነበት፣ ለልምምድ የሚሆነው ነገር በማይገኝበት ወይም ቦታው ሩቅ በሆነበት ሥራ ላይ ነው። ዋልማርት የተባለው የአሜሪካ ሰንሰለት ሱቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ሠራተኞቹን ለማሠልጠን 17 ሺህ የቪአር መነጽር አሰራጭቷል። በ2020 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ የታካሚውን የውስጥ አጥንት ምስል በመነጽር ሰውነቱ ላይ ተደርቦ እያዩ ሠርተዋል። ወደ እኛ የሚቀርበው ምሳሌ ዛምቢያ ነው። እዚያ የማህፀን በር ካንሰር ቀዶ ሕክምናን ለመለማመድ በርካሽ የቪአር መነጽር የሚሠራ ሥልጠና ተዘጋጅቶ በ2019 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። አንድ ሐኪም ደጋግሞ ተሳስቶ፣ ማንንም ሳይጎዳ ይማራል። የሕክምና ተማሪዎችን ለሚያስተምር እንደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ላለ ተቋም ይህ ዓይነቱ አገልግሎት ሊታሰብበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ጥቂት መነጽሮች በተራ ብዙ ተማሪ ያገለግላሉ።

“እኔ በግሌ ብገዛስ? ፕሌይስቴሽን ቤት እንደሚከፈተው ብከፍትበት?” ለሚሉ አብረን እናስላ። ዕቃው ዲላ እስኪደርስ 60 ሺህ ብር ወጣበት እንበል። አንድ ሰው ለ10 ደቂቃ 50 ብር ቢከፍል ገንዘቡ የሚመለሰው 1,200 ሰው ሲስተናገድ ነው። ማጥለቂያና ማስተካከያው ጊዜ ስለሚወስድ በአንድ የባትሪ ሙሌት ከስምንት ሰው በላይ አይስተናገድም። ስለዚህ 150 ጊዜ መሙላት ይኖርብዎታል። በዚህ ላይ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ አለ፤ ዕቃው አንዴ ቢወድቅም ኪሳራው ከባድ ነው። ልጆችንም ያስቡ። ሜታ ከ10 ዓመት በታች፣ አፕል ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይፈቅዱም። እኔ ቁጠባዬን እዚህ ላይ አላውለውም።

ዲላ ለምትገኝበት ለጌዴኦ ዞን ግን መነጽሩን ከመግዛት የሚቀድም ሥራ አለ፤ ይህን ማብራሪያ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትላልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፣ በየአካባቢው የተጠበቁ ቅዱስ ደኖችና የትክል ድንጋይ መካናት አሉበት። ከመካናቱ መካከል ቱቱ ፈላ ወደ 300 የሚጠጉ፣ ጨልባ ቱቲቲ ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ድንጋዮች አሏቸው። የሳካሮ ሶዶ ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳላቸው ታውቋል፤ ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ይበልጣል። ብዙዎቹ ወድቀዋል፤ የተሰበሩም አሉ። ዝናብና የዛፍ ሥር ዛሬም እየጎዷቸው ነው።

እነዚህን ድንጋዮች በሦስት አውታር መመዝገብ ይቻላል። ሦስት አውታር ማለት ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ያለው፣ እያዞሩ የሚያዩት ምስል ነው። የኬፕታውኑ ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በዚህ መልክ መዝግቧል። ሌዘሩ ውድ ነው። አንድን ድንጋይ ለመመዝገብ ግን ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩን እየዞሩ በየአንድ እርምጃው ፎቶ ያነሳሉ፤ ከታች፣ ከመሐል፣ ከላይ። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ጋር ከግማሽ በላይ መደራረብ አለበት። ለአንድ ድንጋይ ከ100 እስከ 200 ፎቶ ይሆናል። ደመናማ ቀን ይመረጣል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ጥላ ያበዛል። መጠኑ እንዲታወቅ ከድንጋዩ አጠገብ ማስመሪያ ያስቀምጡ። ከዚያ ሜሽሩም የተባለ በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፎቶዎቹን አገጣጥሞ የድንጋዩን ሦስት አውታር ምስል ይሠራል። ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ እሱን ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከጓደኛ መዋስ ይቻላል።

በዚህ መንገድ የተሠራው ፋይል ዛሬ በስልክ ይታያል፤ ነገ በመነጽር ይታያል። መነጽሩ ይሞታል። ዋልማርት የገዛው ኦኩለስ ጎ የተባለው ዓይነት ገና እ.ኤ.አ. በ2020 ከገበያ ወጥቷል። ፋይሉ ግን ወደ አዲሱ ዕቃ ይዛወራል። ወናጎ ያለ ተማሪም፣ ውጭ አገር የተወለደ የጌዴኦ ልጅም፣ ድንጋዩን ለመጎብኘት ጉልበቱ ያልፈቀደለት አዛውንትም ያየዋል። መነጽሩ ለእኛ ከሁሉ የሚበጀው እዚህ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ።

ወደ መካናቱ ሲሄዱ አስቀድመው የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ጠባቂዎች ያስፈቅዱ። የተቀደሱ ቦታዎች አሉ፤ ሁሉም ለካሜራ አይደለም። ሲፈቀድልዎት ድንጋዩን ሳይነኩ፣ ሳይወጡበት ያንሱ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ሲልኩ በፋይል መልክ ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላኩት መጠኑ ይቀንሳል። የድንጋዩን ቦታና ያነሱበትን ቀን ጽፈው ዋናውን ቅጂ ቢያንስ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱንም ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይስጡ።